የአማቴ ስክሪን ጥራት

በባለቤቴ ቤተሰብ ዘንድ የእኔ ማዕረግ «ኮምፒውተር የሚያውቀው» ነው። ማዕረጉ ሲሰጠኝ ወሰኑ የት ድረስ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ቀስ በቀስ እንደተረዳሁት ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ በእኔ ሥር ነው። ፍሪጅ ሲያንጠባጥብ ይደወልልኛል፤ ዲሹ «ሲግናል የለም» ሲል ይደወልልኛል። አንድ ጊዜ የባለቤቴ አክስት የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶባት አስጠርታኝ፣ ይሄን አላውቅም ብላት «እንዴ፣ እሱም እኮ በመብራት ነው የሚሠራው!» ብላ ከልቧ ታዘበችኝ። ያን ቀን በእሷ ዓይን የተማርኩት ሁሉ ውሃ በላው።

ስለዚህ አማቴ ሁለት እሑድ ተከታትለው በቪዲዮ ሳይታዩ ሲቀሩ፣ ማን ወደ ሸዋ ሮቢት እንደሚሄድ ስብሰባ አላስፈለገም። ስብሰባ ያስፈለገው ለሌላው ጉዳይ ነበር።

አማቴ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። አማቴ ስል ወንዱን፣ ማለትም የባለቤቴን አባት ነው፤ ሴቷ አማቴ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ባለቤቴና ወንድሟ። ሁለቱም እንደ እኔ አዲስ አበባ ናቸው፣ ሁለቱም «አባባ ከእኛ ጋር ይኑሩ» ይላሉ። አባባ ደግሞ «እኔ እዚሁ ቤቴ ነው የምሞተው፤ እሱም ቢሆን አሁን አይደለም» ይላሉ። ክርክሩ አንድ ክረምት ሙሉ ከፈጀ በኋላ ስምምነት ላይ ተደረሰ። እሑድ እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ አማቴ ኮምፒውተራቸውን ራሳቸው ከፍተው ፊታቸውን ለልጆቻቸው ያሳያሉ። ይህን እስከቻሉ ድረስ ስለ መዛወር የሚያነሳ የለም። ጡረተኛ በሕይወት መኖሩን ለማስመስከር በአካል ይቅረብ እንደሚባለው መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ የሚቀርቡት ለገዛ ልጆቻቸው መሆኑ ብቻ ነው።

አሁን ሁለት እሑድ አልቀረቡም። ስልክ ሲደወልላቸው «ኮምፒውተሩ አስቸገረኝ» ብለው ይዘጋሉ። ባለቤቴ ቦርሳዬን እያሰናዳች ፍርዱን አስታወቀችኝ፦

«ኮምፒውተሩ ከሆነ ሠርተህ ና። አባባ ከሆኑ ይዘሃቸው ና።»

እንግዲህ የአንድ ሽማግሌ ቤት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በእኔ ላይ። የባለቤቴ ወንድም በበኩሉ ጥፋተኛውን ካወቀ ሰንብቷል። ጥፋተኛው ሊኑክስ ነው። አማቴ መጀመሪያ የነበራቸው ዊንዶውስ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የተገለበጠ ስለነበር ከነቫይረሱ ነው የመጣው፤ ፋይሉን ሁሉ ሲበላባቸው እኔ ነኝ አጥፍቼ በእሱ ፋንታ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ የጫንኩላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የባለቤቴ ወንድም በዚህ ነገር ሲያነሳኝ አባቱን ሃይማኖት ያስቀየርኩ ነው የሚያስመስለው። «እንደ ሰው ዊንዶውስ ብትጭንላቸው ምን ነበረበት?» ይላል። መሐንዲስ ነው፤ መንገድ ይሠራል። እኔ ስለ መንገዱ አንድም ቀን አስተያየት ሰጥቼው አላውቅም።

ለአባቱ ያደረገው አስተዋጽኦም ነበር። የድሮው ስክሪን አንሷል ብሎ አዲስ ሰፊ ስክሪን ገዝቶ ወስዶ ገጠመላቸው። «ጥራቱ ልዩ ነው!» እያለ ለወር ያህል አወራልን። ከዚያ መልስ ያመጣው ሪፖርት ደግሞ ይህ ነው፤ ውስጡ ሲገቡ ስክሪኑ ጥርት ብሎ ያምራል፣ መግቢያው ላይ ግን፣ ማለትም የይለፍ ቃል የሚጻፍበት ገጽ ላይ፣ ፊደሉ የሱቅ ማስታወቂያ ያክላል፣ ሥዕሉም ግማሹ ተቆርጧል። «አባባ በሩን ማለፍ ነው ያቃታቸው» አለ። ምርመራው በዚሁ ተጠናቀቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳሁ። ደብረ ሲና ላይ ብርዱ አንገቴን አስቀብሮኝ ነበር፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሹራቤ ጭኔ ላይ ተጠቅልሏል፣ ሮቢት ስደርስ የሸሚዜ ቁልፍ እየተፈታ ነው። ከመኪና ስወርድ አቧራና የሽንኩርት ሽታ ተቀበለኝ። የባጃጁ ነጂ የት እንደምሄድ ሲጠይቀኝ የሰፈሩን ስም አልጠራሁም። «ቲቸር ቤት» አልኩት፤ በቂ ነበር። በዚህ ከተማ ከተወሰነ ዕድሜ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነውና ስማቸው ተረስቶ ቲቸር ብቻ ቀርቷል።

አማቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጭ ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ሱሪ። ድምፄን ሲሰሙ ተነሱ፣ አቀፉኝ፣ ስለ ልጃቸው ጠየቁኝ፣ ከዚያም ገና ጫማዬን ሳልፈታ ከኪሳቸው የመድኃኒት ማሸጊያ አውጥተው «እስኪ አንብብልኝ» አሉ።

ይህ የታወቀ አመላቸው ነው። ሰው ባገኙ ቁጥር ወረቀት አውጥተው ያስነብባሉ። የመብራት ደረሰኝ፣ የእድር ማስታወቂያ፣ ስልካቸው ላይ የገባ መልእክት፤ ያገኙትን። የሮቢት ሰው ለምዶታል። የባንኩ ሠራተኛ እንኳ ቅጽ ሲያስነብቡት መጀመሪያ ከወንበሩ ይነሳል አሉ። መምህርነት ከደም አይወጣም ብለን እንስቃለን። እኔም የልጅ አባት ሆኜ፣ ሽበቴን ይዤ፣ በአማቴ በረንዳ ላይ ቆሜ የመድኃኒት ማሸጊያ አነበብኩ።

«ዋናው አወሳሰድ—»

«ዋና?» አቋረጡኝ። «ያላላኸው እኮ ሮቢት ወንዝ ገብተው የሚንቦራጨቁት ነው። ጠበቅ አድርጋት!»

ጠበቅ አደረግኳት። «ዋናው አወሳሰድ ከምግብ በኋላ» ብዬ ጨረስኩ። ራሳቸውን ነቅንቀው ማሸጊያውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። አልፌያለሁ።

ኮምፒውተሩ ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ነው የሚቀመጠው። ጨርቁን ገልጬ አበራሁት። የባለቤቴ ወንድም ለአንድ ጊዜ ልክ ነበር። መግቢያው ገጽ አስቀያሚ ነበር። አዲሱ ስክሪን ያን ሁሉ ስፋቱን ይዞ፣ መግቢያው ግን አሁንም የድሮው ትንሽ ስክሪን ላይ ያለ መስሎት ሁሉንም ነገር አግዝፎ ዘርግቶታል። «የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» የሚለው ከዳር እስከ ዳር ደርሷል። ሰዓቱ ግማሹ ከላይ ተቆርጧል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነው ያስቸገርዎት?» አልኳቸው።

«እሱ?» አሉ ከኋላዬ ቆመው። «እሱን ተወው፤ እሱ ደህና ነው። ውስጡን እይልኝ።»

ውስጡን ከፍቼ አየሁ። ውስጡ እንከን የለውም። ፊደሉ ቀጭን፣ ምልክቶቹ በሥርዓት የተደረደሩ፣ ሁሉም ነገር ልኩን ይዟል። በሽተኛ የሚያመውን ቦታ ሁልጊዜ በትክክል አያሳይም ብዬ አሰብኩና የሙያዬን ትዕግሥት አሳየኋቸው።

«ውስጡ ምንም አልሆነም ጋሼ። ችግሩ መግቢያው ላይ ነው። አስተካክለዋለሁ፣ አይጨነቁ።»

«መግቢያውን ተወው እኮ ነው የምልህ።»

«አይጨነቁ።»

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሊኑክስ ላይ መግቢያውን የሚያሳየው ፕሮግራም ራሱን እንደቻለ ሰው ነው የሚቆጠረው። የራሱ ፎልደር አለው፣ ስክሪኑን የሚያይበት የራሱ ልክ አለው። እርስዎ ገብተው ስክሪንዎን ቢያሳንሱ፣ ቢያጎሉ፣ ቢዘቀዝቁት እሱን አይመለከተውም። የግቢ ዘበኛ በሉት። ባለቤቱ ሳሎን ቁጭ ብሎ «ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ በክብር ይግባ» ብሎ ቢወስን፣ በሩ ላይ ያለው ሰው ካልተነገረው «ማንን ፈልገህ ነው?» ማለቱን ይቀጥላል። መፍትሔው ባለቤቱ የወሰነበትን ፋይል ገልብጦ ለዘበኛው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ይኸው ነው።

ይኸው መሆኑን ለማወቅ ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የስልኬን ኢንተርኔት አገናኝቼ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች በሚጠያየቁበት መድረክ ላይ ፈለግኩ። አንድ ሰው ልክ የእኔን ችግር ጽፎ አገኘሁ፤ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ከሥሩ የመጀመሪያው መላሽ «ይህን ለምን ፈለግከው?» ይለዋል። ሌላው ሊኑክሱን ትቶ ሌላ ሊኑክስ እንዲጭን ይመክረዋል። ሌላው የመጀመሪያውን መላሽ ይሰድባል። ጠያቂው ራሱ መጨረሻ ላይ መጥቶ «ተስተካክሏል፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ብሎ፣ እንዴት እንደተስተካከለ ግን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሄዷል። እንዲህ ያለውን ሰው እግዜር ይይለት።

በመጨረሻ መልሱን ከሌላ ቦታ አግኝቼ ትእዛዙን መጻፍ ስጀምር መብራት ሄደ። አማቴ ከበረንዳ ሆነው «ሄደ?» አሉ። «ሄደ» አልኩ። «በጊዜው ነው የሄደው» አሉ፤ የባቡር ሰዓት የሚያወሩ ይመስል ነበር። ቴሌቪዥን የለ፣ ማራገቢያ የለ፤ ላቤ ከአገጬ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ጎረቤታቸው ብርቱካን ይዘው የገቡት። አጠገባቸው ሱቅ ያላቸው እትዬ ናቸው፤ ሐሙስ ሐሙስ ማጀቴ ገበያ ወጥተው ማሾ ይገዛሉ፣ ሌላውን ቀን ከሱቃቸው ሆነው ሰፈሩን ይጠብቃሉ። በወጣትነታቸው በማታው ትምህርት ፊደል የቆጠሩት ከአማቴ ዘንድ ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ መጣህልን!» አሉኝ። «ቲቸር እኮ ብቻቸውን ከሆኑ ወዲህ ሥራቸው እኔን መፈተን ሆኗል። ስልካቸው በጠራ ቁጥር እየሮጡ ሱቄ ይመጣሉ። ‹ማን እንደሆነ እስኪ አንብቢልኝ› ይሉኛል። እኔም ከዘይቱ እጄን ጠርጌ አነባለሁ። የልጃቸውን ስም ባነበብኩ ቁጥር ‹ጎበዝ› ይሉኛል፤ ወላሂ በዚህ ዕድሜዬ ደስ ይለኛል!»

እኔም ሳቅኩ። ስልክ እየጠራ ጎረቤት የሚፈትን ሰው ከአማርኛ መምህር ሌላ ሊሆን አይችልም ብዬ ለባለቤቴ የምነግራት አንድ ቀልድ ያዝኩ። አማቴ አልሳቁም። «ብርቱካኑን ላጪለት፤ በሙቀት ሊሞትብን ነው» ብለው ነገሩን ቆረጡት።

መብራቱ እሑድ ጠዋት፣ አማቴ ቤተክርስቲያን ሳሉ ተመለሰ። ከመመለሳቸው በፊት ሥራውን ጨርሼ ላስደንቃቸው አሰብኩ። የባለቤቱን ፋይል ለዘበኛው ገለበጥኩለት። አንድ ፊደል አሳስቼ ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ፤ ትንሽ ጸለይኩ፣ ትንሽ ተሳደብኩ፣ መልሼ አስተካከልኩት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው መግቢያው ብቅ አለ። እንዴት ያምራል! ሥዕሉ ሙሉ፣ ሰዓቱ ሙሉ፣ የይለፍ ቃሉ ሳጥን መሐል ላይ የክብሪት ቀፎ አክሎ፣ ፊደሉ ጥርት ብሎ። ለባለቤቴ ወንድም ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። «በመጨረሻ!» ብሎ መለሰልኝ፤ አመስጋኝ ሰው ነው።

አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ባለቤቴ የምትደውልበት ሰዓት ተቃርቦ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው ወንበሩን እየሳብኩ። «በሩ ተስተካክሏል።»

ተቀመጡ። ቀጥ ብለው፣ ጣቶቻቸውን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ። ጥቂት ቆይተው፣

«ታዲያ አብራው እንጂ» አሉ።

«በርቷል እኮ።»

«አዎ፣ አዎ» አሉ ፈጥነው። «አየሁት።»

የይለፍ ቃላቸውን መጻፍ ጀመሩ። የታይፕ ሰው ናቸው፤ ጣቶቻቸው ኪቦርድ አይፈልጉም። ጽፈው ጨረሱና ማረጋገጫውን በኩራት ተጫኑት። ምንም አልሆነም፤ ጠቋሚው ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። ያን የሚያይ ሰው ያየዋል። እሳቸው ግን መልሰው ጻፉ፣ መልሰው ተጫኑ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ ዞር አድርገው፣ ግን እኔ ካለሁበት ትንሽ ወደ ጎን፣

«እስኪ አንብብልኝ፣ ምን ይላል?» አሉ።

የመድኃኒቱ ማሸጊያ፣ የባንኩ ቅጽ፣ እትዬ ሱቅ የሚነበበው ስልክ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። ከተማው በሙሉ ለዓመታት ቀጥ ብሎ እየቆመ ፈተና የወሰደ መስሎት ኖሯል። ፈተና አልነበረም። ሰውየው ማየት አይችሉም።

«ምንም አይልም ጋሼ» አልኳቸው።

እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ግራው ቆይቷል» አሉ። «ቀኙ ነው አሁን ጉም የገባበት። ያ ትልቁ ፊደል ግን ይታየኝ ነበር። እሱን እያየሁ እገባለሁ። ከገባሁ በኋላ ያ መሐንዲስ ያመጣው ጥራት አለ፤ ጉንዳን የበተኑበት ይመስላል። አረንጓዴዋን ምልክት ስፈልግ ልጄ ደውላ ደውላ ትዘጋለች።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ምን ብዬ? ነገርኳችሁ እንበል። ለምርመራ ብላችሁ ደብረ ብርሃን ታወጡኛላችሁ። ከዚያ ለክትትል አዲስ አበባ። ከዚያ ‹እስኪሻልዎት› ይባላል። እስኪሻልዎት ተብሎ ልጁ ቤት የገባ ሽማግሌ ሲመለስ አይተሃል? እኔ አላየሁም። ማየት በምችልበት ጊዜም አላየሁም።»

አንዴ ከጀመሩት ወዲያ ማቆም አልፈለጉም።

«የልጆቼ እናት እያለች ምንም አልጎደለብኝም። ፊደሉን ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ በኋላ የምታነብልኝ እሷ ሆነች። ጡረታ ልወጣ ስል የተማሪ ፈተና የምታርመውም እሷ ነበረች። እኔ መልሱን እነግራታለሁ፣ እሷ ታርማለች። ለጋስ ናት። በዚያን ጊዜ አማርኛ የወደቀ ልጅ የለም፤ ርዕሰ መምህሩ ሸልሞኛል።»

ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አዘንኩላቸው፤ እጅግ አዘንኩላቸው። በዚህ ቤተሰብ ነገር ላይ ሁልጊዜ የምወረውረው ቀልድ አለኝ፣ ያን ጊዜ ግን ብፈልግ አጣሁ። ስለዚህ የማውቀውን ሠራሁ። ኪቦርዱን ወደ እኔ ሳብኩ።

ዘበኛው ለካ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ባለቤቱ ነው። ያንኑ ሥራ ወደ ኋላ ሠራሁት። የድሮውን ልክ ለመግቢያው መለስኩለት፣ ውስጡንም በእሱ ልክ አበላሸሁት። የባለቤቴ ወንድም ልዩ ጥራት በአንዴ ከሰመ። ሥዕሉ ተለጠጠ፣ ጫፍ ጫፉ ተሸራረፈ፣ ምልክቶቹ እንጀራ እንጀራ አከሉ፤ አረንጓዴዋ መደወያ የስክሪኑን ሩብ ያዘች። በሙያዬ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ስክሪን ሠርቼ አላውቅም። ያ መድረክ ላይ ያለው ሰው አሁን «ይህን ለምን ፈለግከው?» ቢለኝ የምነግረው ነበረኝ።

አጥፍቼ አበራሁት። አማቴ ወደፊት ጎንበስ አሉና ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ክፍል ውስጥ በሚያነቡበት ድምፅ፣

«የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» አሉ። «አንቱ ብሎኛል። የተረጎመው ልጅ ጨዋ ነው።»

አስገቡ። በሩ ተከፈተላቸው። ወዲያው መደወያው ጮኸ፤ ባለቤቴ ሰዓት አታሳልፍም። አማቴ አረንጓዴዋን ራሳቸው ተጫኑና ልጃቸው ስክሪኑ ላይ ወጣች፤ ከኋላዋ ወንድሟ የሻይ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል።

«አባባ!» አለች። «ታዩኝ! ራስዎ ነዎት የከፈቱት?»

«ራሴ ነኝ።»

ፊቷ በራ። ከዚያ ወደ እኔ አየች። «ታዲያ ምኑ ነበር? ኮምፒውተሩ ነው?»

«ኮምፒውተሩ ነው» አልኩ፤ ሳላስበው አፌ ላይ መጣ። «መግቢያው ላይ ትንሽ የቅንብር ነገር ነበር። ተስተካክሏል። አባባ ምንም አልሆኑም።»

«አላልኳችሁም?» አለ ወንድሟ። «ሊኑክስ!»

አማቴ እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ። ጠበቅ አድርገው ያዙኝ።

«ዋሽልኝ አላልኩህም» አሉኝ በዝግታ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦

«ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም። የማላየው እኔ ነኝ። ዓይኔ ነው።»

ከወዲያ በኩል ባለቤቴ አፏን በእጇ እንደሸፈነች ቀረች። ወንድሟ ጠጋ ብሎ «ኔትወርኩ ተቆረጠ እንዴ?» አለ፤ ከዚያ የእህቱን ፊት አይቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ነገ ከባልሽ ጋር እመጣለሁ» አሉ አማቴ። «ለሐኪም አሳዪኝ። የሚሠራ ከሆነ ይሠራ፤ የማይሠራም ከሆነ ልወቀው። አንድ ነገር ግን አሁን ንገሪኝ። ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ነው የምመጣው። ትመልሺኛለሽ?»

«እመልስዎታለሁ አባባ» አለች። ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ በኔትወርኩ አልነበረም።

አማቴ ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆሙ፤ የተሻለችውን ዓይናቸውን ልጃቸው ፊት ላይ አሳርፈው፣ ፊቷ ከአፏ ጋር መስማማቱን ይፈልጉ ነበር።

«ድገሚው» አሏት።

ደገመችው።